የበለዘው የት ላይ ነው?

በዛሬው የቤተሰብ ጤና ዓምዳችን የምንነጋገረው ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ስለሚያውቀው ነገር ነው፤ በልጆቻችን ገላ ላይ ስለሚታይ ብልዝ። ይህ ደግሞ ዓምድ ይሞላል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በደብረ ማርቆስ በአንድ ጉባኤ አብረውን የሚያመልኩ ባልና ሚስት ቤት የደረሰው ነገር ነው። «ጻፊው፣ ሌላ ሰው ይማርበት» ብለው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አላነሳም።

ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ወንድ ልጃቸው ስምንት ወር አልፎት መዳህ እንደ ጀመረ፣ እናቱ ማታ ገላውን ስታጥበው ጎኑ ላይ ስሙኒ የምታህል የጠቆረች ነገር አየች። በጣቷ ስትዳብሰው ከሥሩ ባቄላ የሚያህል ጠጠር ያለ እብጠት አለ። በሳምንቱ ሌላ ክንዱ ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ ጀርባው ላይ። ቀን ቀን ልጁን የምትይዘው ከአማኑኤል ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች ወጣት ነበረች። ሊጠይቁ የመጡት የአባትየው እናት ልጁን አገላብጠው አዩና «ይኼማ የሰው እጅ ነው፤ ልጅቷ እየቆነጠጠችው ነው» አሉ። ልጅቷ አለቀሰች፤ በእግዚአብሔር ስም ማለች። የሰማት አልነበረም። የወር ደመወዟን ተቀብላ በማግሥቱ ወደ አገሯ ተሸኘች።

እርሷ ከሄደች በኋላ ግን ብልዙ ባሰ እንጂ አልቆመም። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ይተያዩ ጀመር። እርሷ «ማታ ሲያለቅስብህ ምን ታደርገዋለህ?» ትላለች፤ እርሱ «አንቺስ?» ይላል። ለሦስት ሳምንት ያህል በአንድ አልጋ እየተኙ ሳይነጋገሩ እንደ ሰነበቱ በኋላ ነግረውኛል። እሑድ እሑድ ግን አብረው ይመጡ ነበር፤ ልጁም ሁልጊዜ እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሶ። የደብረ ማርቆስን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም አያስጠረጥርም። እኔም ነርስ ሆኜ ሳለሁ አልጠረጠርኩም።

ወደ እነርሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ብልዝ ምን እንደሆነ እንነጋገር።

ልጅ ሲጋጭ ከቆዳው ሥር ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደሙ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ይቋጠራል። ሰውነት ቀስ በቀስ መልሶ ስለሚመጠው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። የውጭ አገር መጻሕፍት ቀዩ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ይህ ሁሉ ቀለም አይለይም፤ ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ብቻ ይታያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ የልጃችሁን ገላ በቀን ብርሃን እዩ፣ በእጃችሁም ዳብሱ፤ ሙቀቱና እብጠቱ ለዓይን ያልታየውን ይነግራችኋል። ቀለሙን አይቶ «ይህ የሦስት ቀን ነው፣ ያኛው የሳምንት ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ሐኪምም ቢሆን በቀለም ብቻ የብልዝን ዕድሜ በትክክል ሊናገር አይችልም።

የሚሮጥ ልጅ ይበልዛል። ቅልጥሙ፣ ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ ግንባሩ፣ አጥንት ለቆዳ ቅርብ የሆነበት ቦታ ሁሉ። በክረምት የጎጃም ጭቃ ላይ የሚንሸራተት፣ በገና ሰሞን ከጨዋታው ያልወጣ፣ ከጮቄ ሥር በግ የሚያግድ ልጅ ቅልጥሙ ንጹሕ ከሆነ እንዲያውም የሚገርመኝ ያ ነው። የገና ጨዋታ ዱላ ቅልጥም ላይ የሚያሳርፈውን የማያውቅ የጎጃም ወንድ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ላለው ብልዝ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ መያዝ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን በቅቤ ማሸት ወይም ማሞቅ ግን ደሙን ያበዛዋል። ግንባሩን ተጋጭቶ ያበጠ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው ጉዳዩ የቆዳ ሳይሆን የአንጎል ነውና ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

እንግዲህ ብልዝ ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን መታው?» መሆን የለበትም፤ «ልጅ ነው፣ ይወድቃል» ብሎ ማለፍም መልስ አይደለም። «የት ላይ ነው? ዕድሜው ስንት የሆነ ልጅ ላይ? ከምን ጋር መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዕድሜን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ለጤና ክትትል የመጡ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ጤናማ ሕፃናትን ገላ መርምሮ ነበር። መራመድ ከጀመሩት መካከል ግማሽ ያህሉ ብልዝ ተገኝቶባቸዋል። ስድስት ወር ካልሞላቸው 366 ሕፃናት ግን ብልዝ የታየው ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ራሱን ችሎ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ራሱን አይጋጭም። ስለዚህ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ላይ፣ በተለይም አራት ወር ባልሞላው ላይ፣ ብልዝ ከታየ ትንሽም ብትሆን በዚያው ቀን ለሐኪም መታየት አለባት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አትሳሳቱ። ብዙ የአገራችን ሕፃናት ከወገባቸው በታችና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሆነ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። ሰዉ «ማርያም የሳመችው» ይለዋል። እኛ ስሙን ባንወደውም ምልክቱ ያው ነው። አያብጥም፣ አያምም፣ ከቀን ወደ ቀን አይለዋወጥም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱ ይደበዝዛል። ሲወለድ የነበረ መሆኑን ለአዋላጇ ነግራችሁ በካርዱ ላይ ብታስጽፉት በኋላ ከሚመጣ ጥርጣሬ ትድናላችሁ።

ቀጥሎ ቦታውን እዩ። ጆሮ፣ አንገት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ የጭን ውስጥ፤ እነዚህ ልጅ ሲወድቅ በቀላሉ የሚጋጩ ቦታዎች አይደሉም። በተለይ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጆሮው፣ አንገቱ ወይም ደረትና ሆዱ ላይ ያለ ግልጽ ምክንያት ከበለዘ የዓለም የሕፃናት ሐኪሞች ሁለት ነገር ይጠረጥራሉ፤ ወይ ልጁ ተመቷል፣ ወይ ደሙ ውስጥ ችግር አለ። ሁለቱም ሊጣሩ ይገባል።

ስለ መምታቱ በግልጽ እንነጋገር። አማርኛችን ብልዝንና ሰንበርን ለይቶ ያውቃል። ሰንበር የጅራፍ፣ የቀበቶ፣ የአርጩሜ ልክ ነው፤ ቅርጽ አለው። የቡሄ ጅራፍ ያሳረፈው ሰንበር በጨዋታ የመጣ ነው እንበል። ቀበቶ ያሳረፈው ግን የጨዋታ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የተነገረውን እየጠቀሱ በልጃቸው ጀርባ ላይ ያለውን ሰንበር የሚያስረዱኝ ወላጆች አጋጥመውኛል። ይህ የጤና ዓምድ ነውና ትርጓሜውን ለአስተማሪዎቻችን እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ከጀርባው ቆዳ ሥር ኩላሊት፣ ከግራ ጎድኑ ሥር ጣፊያ፣ ከቀኙ ጉበት እንዳለ ነው። ጥፊ የጆሮ ታምቡር ይቀዳል። አላርፍ ያለ ጨቅላን ይዞ መነቅነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ያፈስሳል፤ ቆዳው ላይ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ልጅን የሚቀጣ እጅ ደም እስኪቋጥር ከደረሰ ቁጣ ነው የሚመራው፤ ይህን ማንኛችንም በልባችን እናውቀዋለን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በክፍላችሁ ያለ ልጅ ደጋግሞ በእነዚህ ቦታዎች ላይ በልዞ ካያችሁት ዝም አትበሉ፤ ግን በጉባኤ መካከል ስም አትጥሩ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሐኪም ይየው ያልኩት በምክንያት ነው። ከመመታት ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው፣ ግን ቶሎ ካልተደረሰባቸው የሚገድሉ የብልዝ ምክንያቶች አሉ።

ከሕፃናት ልጀምር። ሕፃን እንደ ተወለደ ጭኑ ላይ የሚወጋት አንዲት መርፌ አለች፤ ቫይታሚን ኬ ትባላለች። ጨቅላ ደሙን የሚያረጋው ይህ ቫይታሚን ሲወለድ በጣም ጥቂት ነው ያለው፤ በጡት ወተት ውስጥም ብዙ አይገኝም። መርፌዋን ያላገኘ ሕፃን፣ ለምሳሌ ቤት የተወለደ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ድንገት አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ከዚያ በፊት አንዳንዴ ትንሽ ብልዝ ወይም የእትብት መድማት ያስጠነቅቃል። ቤት ከወለዳችሁ ሕፃኑን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። እናቶች ሆይ፣ እርሷን ማጥባታችሁን የሚያስቆም ነገር የለም፤ መርፌዋ ብቻ ናት የጎደለችው።

ከጉንፋን ወይም ከመሰለው ሕመም የዳነ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድንገት ሰውነቱ በሙሉ ብልዝ ሲሆን፣ ቆዳው ላይም የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ሲበተኑበት አይቻለሁ። ይህ ብዙውን ጊዜ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ደም የሚያቆመውን ፕሌትሌት የተባለውን የደም ክፍል ሲያጠፋው ነው። ጤነኛ ልጅ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 በላይ ፕሌትሌት አለው፤ እነዚህ ልጆች ከ20,000 በታች ሊወርዱ ይችላሉ። አብዛኞቹ በስድስት ወር ውስጥ ይድናሉ፤ ግን እስኪድኑ ድረስ ዛፍ እንዳይወጡ፣ ጭንቅላታቸውንም እንዳይጋጩ መጠበቅ አለባቸው። ከብልዙ ጋር ልጁ ከገረጣ፣ ትኩሳት ከተመላለሰበት፣ አጥንቱን ካመመው፣ አንገቱና ብሽሽቱ ላይ ዕጢ ካበጠ ግን ሐኪሙ የደም ካንሰርንም ያስባል። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በልጆች ላይ የሚታየው የደም ካንሰር በጊዜ ከተያዘ ብዙ ጊዜ የሚታከም ነው።

ትኩሳትና እነዚያ ነጠብጣቦች አንድ ላይ ከመጡ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ። ንጹሕ ብርጭቆ ጎኑን ነጠብጣቡ ላይ ተጭናችሁ በውስጡ እዩ፤ ካልጠፋ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ የከንፈሩንና የዓይኑን ሽፋን ውስጥ ተመልከቱ። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኝ ደርሶብናል። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሰጠው የዘመቻ ክትባት ኤ የተባለውን ዓይነት ቢያዳክመውም ሌሎቹ ዓይነቶች አሉ። ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በደጋው ደግሞ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳት አለ፤ ብዙ ሰው ግርሻ የሚለው። እርሱም ነስርና ነጠብጣብ ያመጣል፤ በተገቢው መድኃኒት ይድናል፤ ሲታከም ግን ትኩሳቱ ለጊዜው ስለሚብስ በጤና ተቋም ውስጥ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ።

ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው አንድ ቀን ጠዋት ጉልበቱ አብጦ አልራመድ አለ። «ወልቆ ነው» ተባለና ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ። ወጌሻው አሸው፣ ጎተተው። ማታ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፤ ልጁ ሌሊቱን ሲጮኽ አደረ። እናትየው ጎሕ ሳይቀድ እኔን አንኳኳች። ያን ዕለት ነው የልጁን ገላ መጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። «ሲገረዝ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። በስምንተኛው ቀን ተገርዞ ለሁለት ቀን ደሙ እንቢ እንዳለ ነገረችኝ። «በቤተሰባችሁ ውስጥስ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ በስልክ እናቷን ጠየቀች። እናቷ አንድ ወንድ ልጅ ከእርሷ በፊት እንደ ወለዱ፣ ተገርዞ ደም ሲፈስሰው እንደ ሞተ፣ ሰዉም «ቡዳ ነው» እንዳለ፣ እርሳቸውም ለልጆቻቸው ሳይናገሩ እንደ ኖሩ እያለቀሱ ነገሯት።

በሽታው ሄሞፊሊያ ይባላል። ደምን የሚያረጋ አንድ ንጥረ ነገር ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ሲጎድል የሚመጣ ነው። እናት ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ከወንዶች ልጆቿ እያንዳንዱ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ዋነኛው ዓይነት ከአምስት ሺህ ወንዶች በአንዱ ላይ ይገኛል። ከሦስቱ በአንዱ ደግሞ በቤተሰቡ ታሪክ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሸካሚ ነበረች፤ ልጇ ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1884 በሠላሳ ዓመቱ ወድቆ ሞተ፤ የሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲም የልጅ ልጇ ልጅ ነበር። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የአይሁድ መምህራን፣ ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው ደም ፈስሷቸው ከሞቱ ሦስተኛው እንዳይገረዝ ደንግገዋል። ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ያዘኑ እናቶችን ግን ሰምተዋል።

እኛም አገር ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛልና፣ በእናት ወገን ሲገረዝ ደም የፈሰሰው፣ በልጅነቱ የሞተ ወይም ጉልበቱና ክርኑ እያበጠ የሚያነክስ ወንድ ካለ ሕፃኑ ከመገረዙ በፊት ደሙ ይመርመር። ለሴት ልጅ ግርዛቱ ራሱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ጥያቄም የለው። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ለማንኛውም ልጅ አደጋ ናቸው፤ ደሙ ለማይረጋ ልጅ ግን ሞት ነው። ያበጠ መገጣጠሚያን ወጌሻ አያሸው። እንዲህ ላለ ልጅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይሰጠው፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጡንቻ ላይ መርፌ ከመወጋቱ በፊትም ስለ ብልዙ ለባለሙያው ንገሩ።

ወዴት እንሂድ ለምትሉኝ፣ በቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ አለዚያ ወጪ በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የደም ቆጠራ ይሠራል። የሄሞፊሊያ ሕክምና በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ይሰጣል፤ ከደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። ስትሄዱ ብልዞቹ መቼና የት እንደወጡ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በፈውስ ጉባኤ ላይ «ካርድህን ቅደድ» የሚል ሰው ብትሰሙ ግን ካርዱን አትቅደዱ። ጸልዩ፣ ካርዱንም ይዛችሁ ሂዱ።

ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የገና ጨዋታ ግን ዳር ሆኖ ነው የሚያየው። ሲደማ የሚሰጠው መድኃኒት አለው፤ አባቱ ከሥራ እየወጣ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ወስዶታል።

በሽታው በታወቀ በሁለተኛው ሳምንት ባልና ሚስቱ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ወደ አማኑኤል ሄዱ። ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው የልጅቷን ቤት አገኙ። አባቷ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰሟቸው። «እናንተ ካባረራችኋት ወዲህ በዚህ አገር ልጅ የሚያስይዛት አጣች፤ ባሕር ዳር ገባች» አሏቸው። አድራሻዋን ጠየቁ፤ የለም ተባሉ። እናትየው ሻንጣዋን ከፍታ ለልጅቷ የገዛችውን ሹራብ ለአባቷ ሰጠች፤ ተቀበሏት፤ ግቡ ግን አላሏቸውም።